ስለ ኤክስ ጃፓን ዘፈኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ስለ ጃፓናዊው የሮክ ባንድ ስለ ኤክስ ጃፓን፣ ስለታወቁትና ብዙም ስላልተደመጡት ዘፈኖቹ አድናቂዎችና አዲስ አድማጮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስ ጃፓን ምን ዓይነት ባንድ ነው? አባላቱስ እነማን ናቸው?

ኤክስ ጃፓን በቺባ ግዛት በምትገኘው ታቴያማ ከተማ አብረው ያደጉት ዮሺኪና ቶሺ በ1982 የመሠረቱት ባንድ ነው። ዮሺኪ ድራምና ፒያኖ ይጫወታል፣ አብዛኞቹንም ዘፈኖች የሚደርሰው እሱ ነው፤ ቶሺ ደግሞ ድምጻዊ ነው። ጊታሪስቶቹ ሂዴና ፓታ እንዲሁም የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ታይጂ ተቀላቅለው በ1987 የተሟላው የአምስት ሰዎች ስብስብ፣ ዛሬም ብዙ አድናቂዎች የባንዱ ስም ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ነው። ታይጂ በ1992 መጀመሪያ ላይ ሲለቅ በቦታው ሂስ የተባለ የቤዝ ተጫዋች ገባ፤ በ2009 ደግሞ ሉና ሲ በተባለው ባንድ የሚታወቀው ጊታሪስት ሱጊዞ ተቀላቀለ።

የስቱዲዮ አልበሞቻቸው አምስት ብቻ ናቸው፦ “ቫኒሺንግ ቪዥን” በ1988፣ “ብሉ ብለድ” በ1989፣ “ጄለሲ” በ1991፣ “አርት ኦፍ ላይፍ” በ1993፣ “ዳህሊያ” በ1996። የመጀመሪያው የወጣው ዮሺኪ ራሱ ባቋቋመው ኤክስታሲ ሬከርድስ ነበር። ይኸው አሳታሚ በኋላ የሉና ሲን የመጀመሪያ አልበም አውጥቷል፤ ስለዚህ የባንዱ አሻራ በራሱ ዘፈኖች ብቻ የሚለካ አይደለም።

በጣም የታወቁት ዘፈኖቻቸው የትኞቹ ናቸው?

በጃፓን መንገድ ላይ አንድን መንገደኛ አስቁመው ቢጠይቁ መልሱ “ኩሬናይ” ወይም “ኤንድለስ ሬይን” የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለቱም “ብሉ ብለድ” በተባለው አልበም ውስጥ የሚገኙ ሲሆን በ1989 በነጠላ ዜማነትም ወጥተዋል። “ኩሬናይ” በረጋ የጊታር መነሻ ጀምሮ ድንገት ወደ ፈጣንና ኃይለኛ ሜታል (ከባድ የሮክ ዓይነት) የሚሸጋገር ዘፈን ነው፤ በመድረክ ላይ ቶሺ የዘፈኑን ስም ጮሆ ሲጠራ ያ የረጋ መነሻ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ይህ ዜማ ከሮክ አድናቂዎች ክልል ወጥቶ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ውድድር ላይ የትምህርት ቤት የነሐስ ባንዶች ቡድናቸውን ለማበረታታት የሚነፉት ዜማ ሆኗል፤ ባንዱን ሰምተው የማያውቁ ልጆች እንኳ ዜማውን በዚህ መንገድ ያውቁታል።

“ኤንድለስ ሬይን” ከእሱ ጋር ፍጹም የሚቃረን፣ በፒያኖ ላይ የቆመ ዝግ ያለ ዘፈን ነው። በኮንሰርት ላይ ቶሺ አዝማቹን ለሕዝቡ ይለቃል፤ ሕዝቡም ደጋግሞ ይዘፍነዋል፤ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዝም ካሉ በኋላ እንኳ ዝማሬው የሚቀጥልባቸው ቅጂዎች አሉ። ከእነዚህ ቀጥሎ “ኤክስ”፣ “ሳይለንት ጄለሲ”፣ “ራስቲ ኔይል”፣ “ቲርስ” እና “ፎርኤቨር ላቭ” ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው በ1996 ከወጣ በኋላ ባልተጠበቀ ቦታ ተሰምቷል፤ የባንዱ አድናቂ የሆኑት ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ በ2001 ፓርቲያቸው ባዘጋጀው የምርጫ ማስታወቂያ ላይ ይኸው ዘፈን ጥቅም ላይ ውሏል።

ምንም ሰምቼ አላውቅም፤ ከየትኛው ልጀምር?

ብዙ ሰዎች “ኤንድለስ ሬይን”ን ይመክራሉ፤ እኔ ግን በ“ሳይለንት ጄለሲ” እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ዝግ ያሉትን ብቻ የሰማ ሰው ባንዱን የፍቅር ዘፈን አቅራቢ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፈጣኖቹን ብቻ የሰማ ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሁለቱም ከባንዱ ግማሹን ብቻ ያውቃሉ። የኤክስ ጃፓን ልዩነት ያለው ፒያኖና የክላሲካል ሙዚቃ ጥያቄ ሲያነሣ እጅግ ፈጣን ድራምና ሁለት ጊታሮች የሚመልሱለት ቦታ ላይ ነው። “ሳይለንት ጄለሲ” ከሰባት ደቂቃ በላይ ሲሆን በፒያኖ ይከፈታል፣ ከዚያ ድራሙ ይገባና ትንፋሽ የማይሰጥ ይሆናል፣ መሐል ላይ እንደገና ይረጋጋል፣ ከዚያም የመጀመሪያው ኃይል ይመለሳል። አንዱን ዘፈን ሰምቶ ባንዱን መረዳት የሚቻል ከሆነ ይኸው ነው።

ከወደዱት ወደ “ብሉ ብለድ” አልበም ይሂዱና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው ያድምጡት።

የሚዘፍኑት በጃፓንኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ?

በሁለቱም ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ዘፈን ውስጥ። “ኤንድለስ ሬይን” ስንኞቹ በአብዛኛው በጃፓንኛ፣ አዝማቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። “አርት ኦፍ ላይፍ” እና “ክሩሲፋይ ማይ ላቭ” ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። “ኩሬናይ” ደግሞ በ1988ቱ አልበም በእንግሊዝኛ ግጥም፣ በ1989ኙ አልበም በጃፓንኛ ይገኛል፤ የታወቀው ሁለተኛው ነው።

ስሙ “ኤክስ” ነው ወይስ “ኤክስ ጃፓን”?

እስከ 1992 ድረስ “ኤክስ” ብቻ ነበር። ዮሺኪና ቶሺ የተሻለ ስም እስኪያገኙ በጊዜያዊነት ያወጡት ስም ሲሆን በዚያው ጸንቶ ቀረ። ወደ አሜሪካ ገበያ ለመግባት ሲዘጋጁ ግን በሎስ አንጀለስ ተመሳሳይ ስም ያለው የቆየ ባንድ ስለነበር “ጃፓን” የሚለውን ጨመሩበት። ስለዚህ “ቫኒሺንግ ቪዥን”፣ “ብሉ ብለድ” እና “ጄለሲ” የወጡት በአጭሩ ስም ነው፤ በአሮጌ ሽፋኖች ላይ የተለየ ስም ቢያዩ ሌላ ባንድ አይደለም።

በኮንሰርት ላይ ሕዝቡ ክንዱን አጣምሮ የሚዘለው ለምንድን ነው?

ይህ የሚሆነው “ኤክስ” በሚለው ዘፈን ላይ ነው። ዘፈኑ በ“ብሉ ብለድ” ውስጥ የሚገኝ እጅግ ፈጣን ዘፈን ሲሆን የባንዱ ስም በአዝማቹ ሲጠራ ተመልካቹ ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሮ የፊደሉን ቅርጽ ሠርቶ ይዘላል። ቶኪዮ ዶም በተባለው ትልቅ ስታዲየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይህን በአንድ ጊዜ ሲያደርግ የሚያሳዩትን ቅጂዎች ሳያዩ ዘፈኑን በጆሮ ብቻ መመዘን ያስቸግራል፤ ዘፈኑ ገና ከመጀመሪያው ለመድረክ የተሠራ ነውና። በስቱዲዮው ቅጂ ላይ ጥድፊያ የሚመስለው ነገር በአዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ የራሱን ድርሻ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ሆኖ ይገኛል።

“ቪዥዋል ኬይ” የሚባለው ምንድን ነው? ከዘፈኖቹ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቪዥዋል ኬይ ወደ ላይ የቆመ ጸጉር፣ የፊት ቀለምና ያጌጠ ልብስ ከሙዚቃው እኩል ቦታ የሚሰጥበት የጃፓን የሮክ ዘርፍ ነው። ኤክስ ጃፓን ብቻውን አልፈጠረውም፤ ነገር ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰፊው ሕዝብ ያደረሰው በዋናነት እሱ ነው። ስያሜውም “ብሉ ብለድ” ሲወጣ ባንዱ ይጠቀምበት ከነበረው መፈክር ጋር ይያያዛል።

ከዘፈኖቹ ጋር ያለው ግንኙነት ከሚታሰበው በላይ ጥልቅ ነው። ለስላሳውንና አስፈሪውን፣ የወንድና የሴት ተብሎ የሚለየውን ውበት በአንድ ሰው ፊት ላይ የማዋሐዱ ድፍረት፣ ዝግ ያለ ፒያኖና ሜታልን በአንድ ዘፈን ከማዋሐዱ ድፍረት የሚለይ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለባበሳቸውን ቀለል ቢያደርጉም ይህ የአቀነባበር ባሕርይ አልተለወጠም።

ሁሉንም ዘፈኖች የሚደርሰው ዮሺኪ ነው?

አይደለም፤ ይህ በጣም የተስፋፋ ስሕተት ነው። በነጠላ ዜማነት የወጡት አብዛኞቹ የዮሺኪ ስለሆኑ ሌሎቹ አባላት የደረሷቸው በጥላ ሥር ቀርተዋል። ሂዴ በ“ብሉ ብለድ” ውስጥ “ሴሌብሬሽን”ን፣ በ“ጄለሲ” ውስጥ “ሚስካስት”፣ “ላቭ ሬፕሊካ” እና “ጆከር”ን፣ በ“ዳህሊያ” ውስጥ ደግሞ “ስካርስ” እና “ድሬይን”ን አበርክቷል። የሂዴ ዘፈኖች ከዮሺኪ ሥራዎች በቀላሉ ይለያሉ፤ አጫጭር ናቸው፣ ይጫወታሉ፣ የጊታሩ ምት ይዘልላል፣ ኋላ ላይም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ እየገባባቸው ይሄዳል። በ“ድሬይን” ውስጥ የሚሰማው ሻካራ፣ የፋብሪካ ማሽን የሚመስል ድምፅ በ1996 ከባንዱ ጋር ለማዛመድ የሚያስቸግር ነበር፤ ሂዴ በግሉ ሲሠራ የሄደበትን መንገድ ግን በግልጽ ያሳያል።

ታይጂም ከቤዝ ተጫዋችነት ያለፈ ድርሻ ነበረው። “ፋንተም ኦፍ ጊልት” በተባለው የ1988 ዘፈንና በ“ጄለሲ” ውስጥ በሚገኙት “ዴስፐሬት ኤንጅል” እና “ቮይስለስ ስክሪሚንግ” ላይ ዜማው የእሱ ነው። ከሂዴ ጋር የደረሰው “ኤክስክላሜሽን” ደግሞ ድምጻዊ የሌለበት፣ ቤዝ ጊታሩ ፊት ለፊት ወጥቶ የሚናገርበት ሥራ ነው።

ብዙም ካልታወቁት ውስጥ የትኞቹን ሳልሰማ እንዳላልፍ ትመክሩኛላችሁ?

ከሁሉ በፊት “ቮይስለስ ስክሪሚንግ”ን። ግጥሙ የቶሺ፣ ዜማው የታይጂ ሲሆን ታይጂ አኮስቲክ ጊታር ይዞ ቶሺን የሚያጅብበት ዘፈን ነው። የዮሺኪ ፒያኖ የለበትም፣ የተለመደው ነጎድጓዳማ ድራም የለበትም። ቶሺ በሌሎች ዘፈኖች ላይ ድምፁን እስከ ላይኛው ጫፍ ለመግፋት የሚገደድ ሲሆን፣ እዚህ ግን ዝቅ ባለው የድምፁ ክፍል ሲቆይ ምን ያህል የሚያምር ድምፅ እንዳለው ይሰማል። በእኔ ግምት ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ ከሚገባው በታች የተደመጠው ይኸው ነው።

ቀጥሎ “አንፊኒሽድ” ይምጣ። ይህ የፒያኖ ዘፈን በ1988ቱ “ቫኒሺንግ ቪዥን” መጨረሻ ላይ ሲመጣ አያልቅም፤ ዜማው መንገድ ላይ እንዳለ ይቋረጣል፣ አልበሙም በዚያው ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው “ብሉ ብለድ” መጨረሻ ላይ ይኸው ዘፈን ተመልሶ ሙሉ ሆኖ ይደመጣል። ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ ለሚሰማ ሰው ያ መቋረጥና መመለስ ትልቅ ደስታ ነው፤ ዘፈኑን ለብቻው አውጥቶ የሚሰማ ግን ይህን አያገኝም።

ከ“ብሉ ብለድ” ሳይወጡ “ሮዝ ኦፍ ፔይን”ንም ይስሙ። ከ11 ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ በኦርጋን የተጀመረና የባሮክ ዘመን ሙዚቃን የሚያስታውስ ሥራ ሲሆን ኋላ የመጣውን “አርት ኦፍ ላይፍ” አስቀድሞ የሚያመለክት ነው። ፓታን ለብቻው መስማት ለሚፈልግ ደግሞ በ“ጄለሲ” ውስጥ “ዋይት ዊንድ ፍሮም ሚስተር ማርቲን” የሚባል አጭር የአኮስቲክ ጊታር ሥራ አለ። ከ“ዳህሊያ” የምመርጠው “ክሩሲፋይ ማይ ላቭ”ን ነው፤ ፒያኖ፣ የክር መሣሪያዎችና የቶሺ ድምፅ ብቻ፤ ድራምም ጊታርም የሌለበት።

“አርት ኦፍ ላይፍ” በእርግጥ የ29 ደቂቃ አንድ ዘፈን ነው? ሁሉንም መስማት አለብኝ?

አዎን፣ በ1993 የወጣው አልበም በሙሉ ያ አንድ ዘፈን ነው። ሐሳቡ የመጣው “ጄለሲ” በሚዘጋጅበት ጊዜ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዕቅድ አልበሙ ባለ ሁለት ሲዲ ሆኖ ይህ ረጅም ሥራ በውስጡ ሊካተት ነበር። በኋላ ግን ለብቻው ተለይቶ፣ የለንደኑ ሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ተጨምሮበት ተጠናቀቀ። ግጥሙ የዮሺኪን የራሱን ሕይወት የሚመረምር ነው፤ አባቱን በልጅነቱ በሞት ያጣ ሰው መኖርን ስለመምረጥ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ሙግት ነው ብሎ መግለጽ ይቻላል።

አድማጮች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት መካከለኛው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ባንዱ ይወጣና ፒያኖው ብቻ ይቀራል፤ ለብዙ ደቂቃዎችም ይቀጥላል። አንድ እጅ ቀላል ዜማ ደጋግሞ ሲይዝ ሌላው እየተጋጨ፣ ቁልፎቹን እየደበደበ፣ ከስልቱ እየወጣ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ፒያኖ የሚጫወት ሳይሆን ከፒያኖው ጋር የሚታገል ሰው የሚሰሙ ይመስላል። ይህን ክፍል መዝለል የሚያስመኝ ቢሆንም አይዝለሉት፤ ከዚያ በኋላ ኦርኬስትራውና ባንዱ አብረው ሲመለሱ የሚሰማው እፎይታ ያለዚያ ስቃይ አይገኝም። የመጀመሪያ ጊዜዎ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ይስሙት። ታኅሣሥ 31 ቀን 1993 በቶኪዮ ዶም የተጫወቱት ቅጂም አለ፤ ከስቱዲዮው ሥራ ይልቅ ሸካራ ነው፣ ነገር ግን ዮሺኪ ይህን ዘፈን በመድረክ ላይ ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚከፍል በዓይን ይታያል።

“ዳህሊያ” አልበም ነው ወይስ የነጠላ ዜማዎች ስብስብ?

ጥያቄው የተነሣው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ከአሥሩ ሥራዎች ውስጥ “ቲርስ”፣ “ራስቲ ኔይል”፣ “ሎንጊንግ”፣ “ዳህሊያ”፣ “ፎርኤቨር ላቭ” እና “ክሩሲፋይ ማይ ላቭ” አልበሙ በኅዳር 1996 ከመውጣቱ በፊት በነጠላ ተለቀው ነበር፤ “ቲርስ” እንዲያውም የ1993 ዘፈን ነው። ስለዚህ የ“ጄለሲ”ን ያህል አንድ ወጥ አይደለም። ሆኖም የሂዴ “ስካርስ” እና “ድሬይን” በመካከላቸው መግባታቸው አልበሙን ከስብስብነት ያድነዋል፤ ሁለት የተለያዩ የሙዚቃ አስተሳሰቦች በአንድ ጣራ ሥር መኖር እየከበዳቸው እንደሄደ ይሰማል።

ለምን ተበተኑ? “ፎርኤቨር ላቭ”ስ ለምን ከዚያ ጋር አብሮ ይነሣል?

ቶሺ ባንዱን ለመልቀቅ በመወሰኑ በመስከረም 1997 መበተናቸው ይፋ ሆነ፤ ታኅሣሥ 31 ቀን 1997 ደግሞ በቶኪዮ ዶም የመጨረሻውን ኮንሰርት አደረጉ። በዚያው ሌሊት በጃፓን የዓመቱ መዝጊያ በሆነው የኤንኤችኬ (የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ) የዘፈን ዝግጅት ላይ ቀርበው “ፎርኤቨር ላቭ”ን ተጫወቱ። አምስቱም ሆነው በቴሌቪዥን ሲታዩ የመጨረሻው ያ ነበር።

ሂዴ ግንቦት 2 ቀን 1998 በ33 ዓመቱ አረፈ። በቶኪዮ በቱኪጂ ሆንጋንጂ ቤተ መቅደስ በተደረገው ሽኝት ላይ 50,000 ያህል ሰዎች እንደተገኙ ይነገራል። “ፎርኤቨር ላቭ” የፍቅር ዘፈን ሆኖ ቢጻፍም፣ ከእነዚህ ጥቂት ወራት በኋላ ጃፓናውያን አድናቂዎች እንደ ስንብት ነው የሚሰሙት፤ “ቲርስ”ም እንዲሁ። አዲስ አድማጭ እነዚህን ሁለት ዘፈኖች ሲሰማ ከዜማው በላይ የሆነ ክብደት የሚሸከሙ ከመሰለው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከ2008 በኋላ የወጡት ዘፈኖች እንደ ቀድሞዎቹ ይቆጠራሉ?

ይህ አድናቂዎችን ለሁለት የሚከፍል ጥያቄ ነው። ባንዱ በመጋቢት 2008 በቶኪዮ ዶም በሦስት ኮንሰርቶች ተመልሷል፤ በ2014 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በ2017 በለንደን ዌምብሊ አሬና ተጫውቷል። አዲስ የስቱዲዮ አልበም ግን ከ“ዳህሊያ” በኋላ አልወጣም፤ የተለቀቁት ነጠላ ዘፈኖች ናቸው፦ “አይቪ” በ2008፣ “ጄድ” በ2011፣ “ቦርን ቱ ቢ ፍሪ” በ2015፣ “ኤንጅል” በ2023። ታይጂ በ2010 በእንግድነት መድረክ ላይ ተመልሶ ከቆመ በኋላ በ2011 አረፈ፤ ሂስም በጥቅምት 2023 አረፈ።

አንዳንዶች ያለ ሂዴና ያለ ታይጂ ይህ ሌላ ባንድ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ “አይቪ” ውስጥ ሂዴ ትቶት ከሄደው ቅጂ የተወሰደ የጊታር ድምፅ አለ፣ “ጄድ”ም ፒያኖና ሜታልን በሚያጋጥምበት መንገድ የ“ሳይለንት ጄለሲ” የቅርብ ዘመድ ነው። የእነዚህ ዘፈኖች እውነተኛ ጉድለት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሁሉም የዮሺኪ ናቸው፤ በ“ጄለሲ” ውስጥ እንደነበረው ተከራካሪ የሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ደራሲ የላቸውም። ከዚህ ዘመን አንድ ብቻ ልምረጥ ብባል ዮሺኪ ለሂዴ መታሰቢያ የጻፈውንና በ2008ቱ ኮንሰርት የተሰማውን “ዊዝአውት ዩ” እመርጣለሁ፤ እዚያ የጎደለው ሰው ራሱ የዘፈኑ ጉዳይ ነው።